አንበሳ ልናይ ብንነሳ ጥላ ተሸከምን

ባሌ በአንበሳ ሆድ ውስጥ ጭድ ሲጠቀጥቅ የሚውል ሰው ነበር። የቀለድኩ ከመሰላችሁ የሥራ ልብሱን አጥባችሁ ስለማታውቁ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ያን ጊዜ ፈረንጅ ጠመንጃውን ይዞ በረሃ ለበረሃ ይዞራል፤ የገደለውን አውሬ ግን እዚያው ጥሎ አይሄድም። ቆዳው ይገፈፋል፣ ይለፋል፣ ውስጡ በጭድ ይሞላል፣ የመስታወት ዓይን ይገባለትና ባሕር ተሻግሮ የሰው ሳሎን ውስጥ ይቆማል። ኮልፌ ውስጥ ይህ ሥራ የሚሠራበት አንድ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሰፈሩ ሁሉ «ሙሴ» ብቻ የሚለው ሽማግሌ ግሪክ ሲሆን፣ የሚሞላው ደግሞ ባሌ ግርማ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንበሳ፣ ነብር፣ አጋዘን፣ ሳላ ሲሞላ ኖሯል። አንዳቸውንም በሕይወት እያሉ አይቶ አያውቅም።

እኔ ወይንሸት እባላለሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አስኮ አባቴ ቤት አድጌ፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለግርማ ከተዳርኩ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሆኖኛል። ምላሴ ፈጣን ነው፤ ነገሩ ከአፌ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የማስበው። ይህን ጠባዬን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

የምንኖረው ከአማቴ ከእማማ ተዋበች ጋር ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ሲሆን የሚለየን ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ ወዲህ ካስነጠስኩ እሳቸው ወዲያ «ይማርሽ» ይላሉ። እንዲህ ባለ ግድግዳ ሥር ሁለት ሙሽሮች ምን ሊያወሩ እንደሚችሉ እናንተው ገምቱ። እኛ ስለ በርበሬ ነበር የምናወራው።

እማማ ተዋበች ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ ዓይናቸው ፊቴ ላይ አያርፍም፤ ሆዴ ላይ ነው። ሰላምታው ለሆዴ ነው ማለት ነው። ሆዴ ደግሞ ምንም አይመልስላቸውም። በኅዳር አንድ ቀን ምሳ ላይ ለልጃቸው፣ «ይቺን ልጅ ጠበል አስጠምቃት እንጂ። የኔ ዓይን እስኪጠፋ ነው የምትጠብቀው?» አሉት። እኔ እዚያው መሶቡ ሥር ተቀምጫለሁ። ግርማን አየሁት፤ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ግርማ ሽሮውን ጠቅልሎ ጎረሰ።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። የሞተ ነብር አፍ ፈልቅቆ እጁን እስከ ክርኑ ይከታል፣ የእናቱን ፊት ግን ቀና ብሎ ማየት አይችልም። በማግስቱ የክት ልብሴን ሁሉ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩና አልጋ ሥር አስቀመጥኩ። ከኮልፌ አስኮ በእግር ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ የቀረኝ ቀን መምረጥ ብቻ ነበር። አልፎ አልፎ ጎንበስ ብዬ ሻንጣዋን አያታለሁ። ሁልጊዜ ካስቀመጥኩበት ትንሽ ወደ ግድግዳው ራቅ ብላ ነው የማገኛት። አይጥ ነው ብዬ ተውኩት። የኮልፌ አይጥ ሻንጣ መግፋት አያቅተውም።

ቀን ሳልመርጥ ታኅሣሥ ገባ። አንድ ጠዋት ግርማ ሊወጣ ሲል ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ዛሬ ምሳዬን ሥራ ቦታ አምጪልኝ» አለኝ። እንዲህ አዝዞኝ አያውቅም። ወጡን በሰሐን ቋጥሬ ሄድኩ።

ሙሴ ወጥቷል። ግርማ በቆርቆሮው ቤት መሐል አንድ ነብርና ሁለት ድኩላ ከበውት ቆሟል። በርጩማ አቀረበልኝ።

«ትናንት አንዱ ፈረንጅ አንበሳውን መለሰው» አለ።

«ነከሰው እንዴ?»

«ሳቀበት። ይሄ አንበሳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል አለ። ሙሴም አብሮት ሳቀ።» ወደ ጥጉ አመለከተኝ። «እስቲ እዪው።»

አየሁት። ጎፈሬው ተበጥሯል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። ፊቱን ግን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ገባኝ፤ እናቱ ሲቆጡት ግርማ የሚያሳየው ፊት ነው። የሚያውቀው ፊት ያ ብቻ ሆኖ ለአንበሳውም ያንኑ ሰጥቶታል። አልነገርኩትም። በዚያች ሰዓት ይህን ብነግረው ጭዱን ትቶ ራሱን የሚሞላ መሰለኝ።

«ሙሴ ምን አለኝ መሰለሽ» ቀጠለ። «‹አንተ ቆሞ የሚሄድ አውሬ አይተህ አታውቅም፣ ከየት ታመጣዋለህ?› አለኝ። ከነሱ ገና ጀምሮ አምስት ቀን ይዘጋል። ላንድሮቨሩን ይሰጠኛል። አዋሽ ሄጄ ሜዳ ላይ ላያቸው ነው።»

«ጥሩ ነዋ። ሂድ።»

«አብረን ነው» አለ።

ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ዝርዝር ጽፏል። ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ገመድ፣ በሶ፣ ዳቦ፣ የሙሴ መነጽር፣ የዓይን ቆርቆሮ። የዓይን ቆርቆሮ ማለት የመስታወት ዓይኖቹን የሚያስቀምጥበት የብስኩት ጣሳ ነው። ከሕያዎቹ ጋር ሊያስተያያቸው ነው።

«እኔስ ምን ልልበስ?» አልኩት።

«ሙሴ ነጭ አትልበሱ ብሏል። ይሸሻሉ።»

«ሐዘንተኛ መስዬ ነው ታዲያ አንበሳ ፊት የምቀርበው?»

«ቡኒ የለሽም?»

«አንበሳው ወደ መኪናው ቢመጣስ?»

«መስኮት እንዘጋለን።»

«የሙሴ ላንድሮቨር መስኮት አለው?»

ግርማ አሰበ። «በአንድ በኩል አለው።»

«እንግዲያው በዚያ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ባሌ ሲስቅ ከላይኛው ጥርሱ አንዱ ትንሽ እንደሚያፈነግጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንድ ዓመት ከጥቂት ወር አብሬው ኖሬ ነው እንግዲህ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ አወራን። የትኛውን መንገድ እንደምንይዝ፣ ናዝሬት ላይ ምን እንደምንበላ፣ አውሬ ሲያይህ መጀመሪያ ምን ማድረግ እንዳለብህ አወራን። በትዳራችን የመጀመሪያው የግል ንግግር በአንድ ነብርና በሁለት ድኩላ ፊት ተካሄደ፤ አንዳቸውም «ይማርሽ» አላሉኝም። ሻንጣዋን ረሳኋት። ወደ ቤት ስመለስ አስታወስኳትና ለራሴ ቃል ገባሁ። ይሄ ሰው እኔን ብቻ ይዞ ከዚያ በር ከወጣ እቆያለሁ፤ ካልወጣ አስኮ።

አሁን ለእማማ ተዋበች ምን ይባል? የዛሬ ልጆች ይህ ችግር አይገባችሁም። በዚያ ዘመን ሰው በረሃ የሚወርደው ለንግድ ነው፣ ለዘመቻ ነው፣ ወይም ተግዞ ነው። ደህና ሰው ሚስቱን ይዞ አውሬ ለማየት ይሄዳል ብሎ መናገር ያስጠረጥራል። ግርማ ሦስት ቀን «ዛሬ እነግራታለሁ» እያለ ሽሮውን ጠቀለለ። በአራተኛው ቀን ከገበያ ስንመለስ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ቁልቢ እንሄዳለን በላቸው» አልኩት።

«ቁልቢ?»

«የገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ አይደል? መንገዱ በአዋሽ ነው አይደል? ስለት አለብን በላቸው። ማን ይከለክለናል?»

ግርማ ፈዝዞ አየኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ እሺ አለ። ለእናቱ እሺ የሚለው አንሶ አሁን ለኔ ውሸትም እሺ ማለቱ ቅር ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በብልጠቴ እየኮራሁ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ነገራቸው። እማማ ተዋበች የያዙትን ጣሳ አስቀምጠው መሬቱን ሳሙ። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስለት አለብን ብለው ሲነሱ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። አለቀሱ። ተነሥተው አቀፉኝና ሆዴን ዳሰሱት። ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥተው እልል አሉ። ያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የእማማ ተዋበች እልልታ ግን ከስልክ ይፈጥናል።

እዚህ ላይ ነው የረሳሁት ነገር ዋጋውን ያስከፈለኝ። በኛ ዘንድ ቁልቢ የሚሄድ ሰው የራሱን ስለት ብቻ ይዞ አይሄድም። መሄድ ያቃተው፣ የደከመው፣ አሳዳሪ ያልፈቀደለት ሁሉ «የኔንም አድርስልኝ» ይላል። የተቀበለም አደራ በላ እንዳይባል ያደርሳል። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ነግሬያችኋለሁ፣ የማስበው ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ከሰዓት በፊት ጧፍ መጣ። ቀጥሎ ዕጣን፣ ቀጥሎ መጋረጃ፣ ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ምንጣፍ። የሰፈሩ ሴቶች እየሳሙኝ ስለታቸውን ይነግሩኛል። የአንዷ እጇ ቆስሎ ድኖላት ነው፤ የአንዷ ባሏ መጠጥ ትቶላት ነው፣ ሁለት ሳምንት ሆነው። እኔ እየተቀበልኩ ጥጉ ላይ እደረድራለሁ። በሦስተኛው ቀን ክፍላችን የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መሰለ። ግርማ ከሥራ ሲገባ ያየዋል፣ ያየኛል፣ ይተኛል።

በመነሻችን ዋዜማ እማማ ተዋበች አዲስ ሸራ ጫማ ገዝተው መጡ።

«ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለራሴ ነዋ። ልጆቼ ቁልቢ ሲሄዱ እኔ ቤት ልጠብቅ?»

ግርማን አየሁት። ጫማውን እያገላበጠ «ቁጥሩ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። በቃ፣ ይሄ ነው ያለው። በውስጤ አንድ ነገር ተቆረጠ። አልተቆጣሁም። ሲነጋ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣኋት። እንደ ተለመደው ግድግዳው ሥር ድረስ ሄዳ ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነው። መኪናው ሊነሣ ሲል አሞኛል እላለሁ፣ እናትና ልጅ ይሄዳሉ፣ እኔ አስኮ እገባለሁ። አውሬውንም ገብርኤልንም እነሱ ይዩ።

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ጠዋት የሙሴ ላንድሮቨር ደጃፋችን ቆሟል። እማማ ተዋበች ከሁሉ ቀድመው ፊተኛው ወንበር ላይ ወጥተዋል፤ መስኮት ባለው በኩል ናቸው። አዲሱን ጫማ አድርገው፣ አንድ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ኋላው በጧፍና በመጋረጃ ጢም ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። እኔ በሩ አጠገብ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ፣ መታመም የምጀምርበትን ደቂቃ እመርጣለሁ።

በዚያ መሐል እትዬ ዘይነባ መጡ። እትዬ ዘይነባ ከኛ ቤት ሦስተኛው በር የሚኖሩ፣ ባላቸው ኮልፌ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ የተከበሩ ሴት ናቸው። በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ልጅ የታቀፉት ጥላ ነው። ለታቦት የሚያዝ፣ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው ጥላ። እስላሞች ለገብርኤል መሳላቸው ለማንም አዲስ አልነበረም፤ በየዓመቱ የሚሄዱ አሉ።

ግርማ ፊት ቆሙ።

«ይሄ የልጄ የፎዚያ ነው» አሉት። «ታማ ስትተርፍልኝ የገዛሁት ነው። ሁለት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ አስተኝቼዋለሁ። ባለቤቴ መንገድ አይወድም፤ የማምነው ሰው ሲሄድ ብዬ ስጠብቅ ነው። አንተ ደግሞ ውሸት የማታውቅ ልጅ ነህ።»

ጥላውን አቀረቡለት። ግርማ እጁን ዘረጋ።  ይህን ከተቀበለ ነገሩ አልቋል። አንድ ጊዜ ከተቀበለ ዕድሜ ልኩን የሚቀበል ሰው ነው።

እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ታች ወረደ።

«እትዬ ዘይነባ፣ አልቀበልዎትም» አለ።

«ለምን? በእስላምነቴ ነው?»

«አይደለም። ቁልቢ አይደለም የምሄደው። አዋሽ ነው። አንበሳ ለማየት ነው።»

 የሆነ ሰው ከኋላ «ስድስት ኪሎ አለ አይደል እንዴ አንበሳ?» አለ።

«የታሰረ ነው» አለ ግርማ፣ ወደ ድምፁ ሳይዞር። ከዚያ ወደ መኪናው ዞረ። እናቱን ቀና ብሎ አያቸው፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ስለት የለብንም። ሚስቴን ይዤ ለብቻችን ወጣ ማለት ፈልጌ ነው። ለብቻችን። ሌላ ምንም አይደለም።»

 ሻንጣዋን መሬት አስቀመጥኳት። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ጣጣ በሱ ላይ ይቀር ነበር። ምላሴ ግን በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ለቁም ነገር ፈጠነች።

«ውሸቱ የኔ ነው» አልኩ። «ቁልቢ በላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ እሺ ነው ያለው።»

አሁን ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ጧፍ ያመጣችው ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እማማ ተዋበች ከመኪናው አልወረዱም። ጭናቸው ላይ ያለውን ነጭ ጥቅል ይፈቱት ጀመር። ከውስጡ ሰማያዊ ጥላ ወጣ። ተዘርግቶ አያውቅም፤ ዘርፉ እጥፉ ላይ ተጨማድዷል።

«የናንተ ስለት ባይኖር የኔ አለ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰዉ ቀረብ አለ። «ይሄ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረው ነበር፤ የምታገባው ሴት ጠፋች። ሽታውን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር አንድ ቀን በልጅቷ ጎን ያልፍና ሐሳቧን ትለውጣለች። እንግዲህ ይህን የሚችል አፍንጫ ያላት ሴት ስጠኝ፣ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ይቺን ሰጠኝ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ጥላውን ገዛሁ። ዛሬ ነገ ስል ቀረ። መጀመሪያ ክረምት ነው አልኩ፣ ቀጥሎ እግሬ ነው አልኩ። ከዚያ ይቺ ልጅ ሳትወልድ ወራቱ ሄደ።» ያን ጊዜ ወደኔ ዞሩ። ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን አልፈው ፊቴን አዩኝ። «ጠዋት ጠዋት ሆድሽን ሳይ የሚታየኝ ይሄ ያልገባ ጥላ ነው። በኔ ጦስ የተያዝሽ እየመሰለኝ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አፍሬ ነው። አፍሬ ነው የምቆጣው።»

 ለአንድ ዓመት ከንፈሬን ነክሼ የሰበሰብኩት መልስ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። አለቀስኩ፤ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ግርማ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፣ በሰው ፊት።

ያዳኑን እትዬ ዘይነባ ናቸው። ቀዩን ጥላቸውን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዙረው፣ «ቆይ እስቲ» አሉ። «አዋሽ በየት በኩል ነው?»

«በናዝሬት አልፎ» አለ ግርማ።

«ቁልቢስ?»

«አዋሽን አልፎ።»

«ታዲያ አንዱ ሌላውን ምን ያደርገዋል? አንበሳችሁን እዩና ጥላዬን አድርሱልኝ። ለዚህ ነው ያን ያህል የዋሻችሁት?»

እውነታቸውን ነው። ውሸቱም እውነቱም ያለው አንድ መንገድ ላይ ነበር። እኔ ብልጢቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ይህን አላየሁም።

እማማ ተዋበች ሊወርዱ እግራቸውን አወጡ። «እንግዲያው ጥላዬን ይዛችሁልኝ ሂዱ። እናንተ ለብቻ ነው ያላችሁት» አሉ። ግርማ ቀና ብሎ አየኝ። እሺ በይ አላለኝም፣ እምቢ በይም አላለኝም። ጠየቀኝ። ለዚያች አስተያየት ስንት ወር ጠብቄያለሁ።

«ይቀመጡ» አልኳቸው። «ያን ጫማ ለማን ሊያሳዩት ነው?»

ሄድን። ሻንጣዬ ኋላ ከጧፉ ጋር፣ መስኮት ባለው በኩል እማማ ተዋበች፣ በሌለው በኩል ግርማ፣ መሐል እኔ። አንበሳ ቢመጣ ማን እንደሚበላ ተረጋግጦ ነበር።

አዋሽ የደረስነው ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ ነው። የፓርኩ ጥበቃ አብሮን ኋላ ላይ በመጋረጃና በጧፍ መሐል ተጨናንቆ ተቀመጠና «አንበሳ ትናንት ነበረ» አለን። በዚያ አገር አንበሳ ሁልጊዜ የሚኖረው ትናንት መሆኑን በኋላ ተረድቻለሁ። ከርከሮ አየን፤ ጭራዋን እንደ አንቴና አቁማ ስትሮጥ እማማ ተዋበች እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰጎን አየን። ከዚያ ጥበቃው «ቁም» አለ።

ሳላ ነበረች። ሰውነቷ አመድማ፣ ፊቷ ላይ ጥቁር መስመር ያለባት፣ ሁለት ቀንዶቿ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የወጡ። ብቻዋን ደረቅ ሣር ላይ ቆማ ታመነዥካለች። ግርማ የዚህችን ዘመዶች ስንቱን እንደሞላ ቁጥሩን ራሱም አያውቅም። የብስኩት ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ከፈተ። አንድ ዓይን አነሣ፣ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ወደ ሳላዋ አየ። መለሰው። ሌላ አነሣ። እሷ ማመንዠኳን አቁማ ወደኛ አየች፤ ጆሮዋን አርገፈገፈችና ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

«ይሄን ነው የምትሞላው?» አሉ እማማ ተዋበች በሹክሹክታ።

«አዎ እማዬ።»

«በሕይወት እያለ እንዲህ ነው?»

«እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምኑ ጎደለና ነው ጭድ የምትጨምርበት?»

 ጣሳውን ዘጋው። ሳላዋ ረጋ ብላ ዞራ ስትሄድ ሦስታችንም በዓይናችን ሸኘናት። ግርማ እጄን ያዘኝ። 

በማግስቱ ማታ ቁልቢ ገባን፤ በንግሡ ቀን ቀዩንም ሰማያዊውንም ጥላ አስገባን፣ ጧፉንም መጋረጃውንም አስረከብን። የኔ የምለው ስለት አልነበረኝም። እማማ ተዋበች ጎኔን ነካ አድርገው «አንቺስ?» ሲሉኝ፣ «የኔ ደርሷል» አልኳቸው።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ባለትዳሮች፣ ምክር አልሰጣችሁም፤ ሰጪም አይደለሁም። ብቻ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ባሌ ደፋር እንዲሆን አንድ ዓመት ጠበቅሁ፤ የጠበቅሁት ግን ሻንጣ አልጋ ሥር ደብቄ ነው። እናቱም ያፈሩበትን ጥላ በአቡጀዲ ጠቅልለው ደብቀው ነበር። ሦስታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር የየራሳችንን ጥቅል ይዘን ስለ በርበሬ እናወራ ነበር። ቤታችሁ ስለ በርበሬ ወሬ ከበዛ አልጋ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ግርማ ከዚያ በኋላ አውሬ አልሞላም። ሙሴ በጣም አዘነ፤ ያንን አንበሳ ግን በነጻ ሰጠው፣ የሚገዛው አልተገኘማ። ባሌ የሚያውቀው ሙያ መሙላት ስለሆነ ሶፋ መሙላት ጀመረ። ሶፋ ዓይን አይፈልግም። ልጅም መጣ፣ ሁለተኛም ተከተለ። የገብርኤል ሥራ ነው የምትሉ ልክ ናችሁ። እኔ ግን ከቁልቢ በተመለስን በሁለተኛው ወር ቀራንዮ አካባቢ የራሳችንን አንድ ክፍል ቤት መከራየታችንንም እንዳትረሱ እላለሁ። የዚህን ቤት ነገር መጀመሪያ ያነሡት ማን እንደሆኑ ነግሬያችሁ ልጨርስ።

ከጉዞው የተመለስን ዕለት ላንድሮቨሩ ደጃፍ ሲቆም እማማ ተዋበች ቀድመው ወርደው ከኋላ የኔን ሻንጣ አነሡ። ልቀበላቸው ብሮጥ እምቢ አሉ። ክብደቷን በእጃቸው መዘኑት።

«ከኅዳር ጀምሮ ስጠርግ ከአልጋሽ ሥር አገኛታለሁ» አሉኝ፣ ግርማ እንዳይሰማ ቀስ ብለው። «እጠርግና ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጌ እመልሳታለሁ። ለማውጣት እንዲያስቸግርሽ።»

አይጥ ያልኩት እሳቸውን ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ።

ወደ ክፍላችን ይዘዋት ገቡና አልጋው ላይ አስቀመጧት። ልከፍታት ስል እጄን ያዙኝ።

«አትፍቻት» አሉ። «ቤት ስትይዙ እዚያ ትፈቻታለሽ።»